ዕቅዱ ለመርማሪው ነው ወይስ ለተማሪው?



ከዚህ ቀጥሎ ያለውን አሳቤን በአንባቢያን አምድ ላይ ያወጡልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ። እኔ በመቱ ከተማ በመንግሥት ሥራ የምገኝ ሰው ነኝ እንጂ የዩኒቨርሲቲ መምህር አይደለሁም። ይሁን እንጂ ልጁን ወይም የእኅቱን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ያስገባ ሁሉ ስለዚህ ነገር ለመናገር ድርሻ ያለው ስለ መሰለኝ ብዕሬን አነሣሁ።

ቀድሞ የጎሬና የቡሬ፥ የያዮና የበደሌ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርስ ዕድል ከቀናው ወደ ጅማ ወይም 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ አዲስ አበባ ይሄድ ነበር። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ግን መቱ የራስዋ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ በደሌም የእርሻው ትምህርት የሚሰጥበት ግቢ አለ። ደስታችን ትልቅ ነበር። አሁን ግን ጥያቄው ግቢው መኖሩ ሳይሆን ልጁ ከግቢው ምን ይዞ ይወጣል የሚለው ሆኗል።

በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሁሉም የትምህርት ዓይነት ሲሰጥ፥ ከተፈተኑት 150 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ያለፉት ከመቶ 40 ያህሉ ብቻ ነበሩ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቹ ለብቻቸው ሲታዩ ወደ 62 ከመቶ ደረሱ። ይህን ሰምቶ «እኛ እንሻላለን» ብሎ የተጽናና አልጠፋም። ነገር ግን ከ10 ሰው 4ቱ 50 ከመቶ ማምጣት ካልቻለ፥ መጽናኛው ምን ላይ ነው? የወደቀው ልጅ ዲግሪውን አያገኝም፤ ፈተናውን እስኪደግም ድረስ አባቱ ቤት ይቀመጣል። አባቱ ደግሞ ቡናውን ሸጦ ነው ያስተማረው።

ዩኒቨርሲቲዎችን የሚመረምር መሥሪያ ቤት በ1995ቱ አዋጅ ተቋቁሞ ነበር፤ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ሥራው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ለብዙ ዘመን የእውቅና ፈቃድ የሚጠየቁት የግል ኮሌጆች ሲሆኑ፥ የመንግሥቶቹ የሚታዩት በጥራት ኦዲት ነበር። ኦዲቱ 10 ነገሮችን ይጠይቅ ነበር፤ ከራእይና ከአስተዳደር ይነሣና በመማር ማስተማር በኩል አልፎ እስከ ምሩቃን ውጤት ይደርሳል። ምርመራው መኖሩ መልካም ነው። የምፈራው ለመርማሪው ተብሎ የሚጻፈውን ዕቅድ ነው። በሌላ አገር የሚያስተምር አንድ ወዳጄ ለበዓል መጥቶ ቡና ስንጠጣ፥ የተማሪዎችን ውጤት ማሻሻያ ዕቅድ በአንድ ሳምንት ጽፈህ አምጣ ተብሎ፥ የዓምናውን ዓመተ ምሕረት ብቻ ለውጦ እንዳስረከበ እየሳቀ አጫወተኝ። የሚያስተምርበትን ቤት አልጠራም። እኛ በየቢሮው ያለነውስ ብንሆን ምን ለይቶን! ቢፒአር መጣ፥ ቢኤስሲ ተከተለ፥ አንድ ለአምስትም ተደራጀን፤ ሰነዶቹ ዛሬ በመዝገብ ቤታችን መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሰው ይታያሉ።

በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች በ10 ዓመት አንድ ጊዜ እውቅናቸውን ሲያሳድሱ፥ የተማሪን ትምህርት የሚያሻሽል አንድ ጉዳይ መርጠው መላውን ዩኒቨርሲቲ እንዲያሠሩበት ሲጠየቁ ኖረዋል፤ ከ5 ዓመት በኋላም ምን ለውጥ እንዳመጣ ሲነግሩ ቆይተዋል። ከዚህ ውስጥ የወደድሁት «አንድ» የሚለውን ነው። ሀብታሞቹ አንድ ከያዙ፥ እኛ ሃያ ዓላማ የምንደረድረው በምን አቅማችን ነው?

እኔ ምረጥ ብባል ማንበብና መጻፍን እመርጣለሁ። ምክንያቱም እንዲህ ነው። የእኅቴ ልጅ ባለፈው ክረምት ለዕረፍት መጥቶ እኔ ዘንድ ሰነበተ። ከሻንጣው ያወጣው መጽሐፍ ሳይሆን የፎቶ ኮፒ ክምር ነበር። «መጽሐፉስ?» ብለው፥ «ጋሼ፥ ሃንድአውቱ ይበቃል፤ ፈተናው የሚወጣው ከዚሁ ነው» አለኝ። አንዱን አንቀጽ በእንግሊዝኛ ደኅና አድርጎ አነበበልኝ። በራስህ ቃል ንገረኝ ብለው ግን ዝም አለ። በኦሮምኛ ንገረኝ አልሁት፤ ያው ነው። በአማርኛም አልሆነም። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ እስከ ሌሊት ሲያጠና መብራቱን አይቼዋለሁ። እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ፥ 9ኛ ላይ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ሆነበት፤ ከዚያ ወዲህ የሚያደርገው መሸምደድ ነው። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸውን ስናስታውስ፥ ችግሩ የእርሱ ብቻ እንዳልሆነ እንረዳለን።

እንግዲህ አዲስ የገባው ተማሪ በመጀመሪያው ወር አንድ ገጽ አንብቦ አንድ ገጽ ይጻፍ፤ ወረቀቱም ይቀመጥ። በዓመቱ መጨረሻ ያንኑ የመሰለ ይሰጠውና ሁለቱ ጎን ለጎን ይታዩ። በየትምህርቱም፥ ሒሳብም ይሁን እርሻ፥ በወሰነ ትምህርቱ ሁለት አጭር ጽሑፍ ጽፎ ታርሞ ይመለስለት። መቶ ተማሪ ያለው መምህር ይህን ሁሉ እንዴት ያርማል የሚል ይነሣል፤ እውነቱን ነው። ስለዚህ ከመምህሩ ላይ ኮሚቴውና ሪፖርቱ ይቀነስለት፤ በርትተው ያለፉ የላይኛው ዓመት ተማሪዎችም የመጀመሪያውን እርማት ያግዙት። የመጻሕፍት ቤቱ ሠራተኛም ከዕቅዱ ውጭ መሆን የለበትም፤ የትኛው መጽሐፍ እንደሚነበብና የትኛው ሳይገለጥ እንደሚያረጅ ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። የጎሬና የሑሩሙ፥ የመቱና የበደሌ ሁለተኛ ደረጃ መምህራንም ተጠርተው ወረቀቶቹን ይመልከቱ፤ ልጆቹ የእነርሱ ናቸውና።

ይህ ገንዘብ ብዙ አይጠይቅም ይመስለኛል። ተሳስቼ እንደ ሆነ፥ በተለይም በእርማቱ ነገር፥ በዩኒቨርሲቲ የምታስተምሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ በዚሁ አምድ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል። የእኅቴ ልጅ በዚህ ዓመት ለመውጫ ፈተና ይቀመጣል።

አክባሪዎ፥
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከመቱ