የኤቢኤስ ፍሬን በሞዴል እንዴት ይነደፋል?

በኃይል ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው የኤቢኤስ ፍሬን ንድፍ የሚጀምረው ከመኪናው ሳይሆን ከሒሳብ ሞዴል ነው። የተለመደው መነሻ አንድ ጎማንና የመኪናውን ሩብ ክብደት ብቻ የሚይዝ ቀላል ሞዴል ነው። ዋናው መለኪያ የመንሸራተት ምጣኔ ሲሆን፣ ጎማው በነፃነት ሲሽከረከር 0፣ ሙሉ በሙሉ ሲቆለፍ 1 ይሆናል። በደረቅ አስፋልት ላይ ጎማው መንገዱን አጥብቆ የሚይዘው ምጣኔው ከ0.1 እስከ 0.2 ገደማ ላይ ሲሆን ነው፤ ከዚያ ካለፈ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፣ ጎማውም ወዲያው ወደ መቆለፍ ይሄዳል። አስቸጋሪው ነገር ይህ ልክ በእርጥብ መንገድና በበረዶ ላይ መለዋወጡ ነው። የፍሬን ዘይት ግፊት የሚዘገይባቸው ሚሊሰከንዶች ካልተካተቱ ደግሞ ሞዴሉ ኮምፒውተር ላይ ያምራል እንጂ መንገድ ላይ አይታመንም።

ፍሬኑን የሚቆጣጠረው ሶፍትዌር ከሞዴሉ ጋር ከተሞከረ በኋላ፣ እውነተኛው የመቆጣጠሪያ ሳጥን በኮምፒውተር ከተመሰለ መኪና ጋር ይገናኛል። እዚህ ላይ የፍጥነት ሴንሰሩን ሽቦ ሆን ብሎ ማቋረጥ ይቻላል፤ የሚጎዳ ሰው የለም። ሥርዓቱ ብልሽቱን አውቆ ኤቢኤሱን ማጥፋት፣ የማስጠንቀቂያ መብራት ማብራትና ተራው ፍሬን ሥራውን እንዲቀጥል መተው አለበት። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የመኪና ኤሌክትሮኒክስ ደኅንነት ደረጃ፣ አይኤስኦ 26262፣ እንዲህ ያለውን የደኅንነት መስፈርት ከኤ እስከ ዲ ይመድባል፤ ጥብቁ ዲ ነው። ያም ሆኖ የትኛውም ሞዴል የመንገድ ላይ ፈተናን አይተካም።