የፋይልን ስም የሚያወጣው ላኪው ነው

አገር ቤት አንድ ነገር ሲፈጠር ወሬው ሲያትል ውስጥ ያለው ሬኒየር ቢች ለመድረስ ደቂቃ አይፈጅበትም። ቪዲዮው በቴሌግራም ይዞራል፣ ሊንኩ በኢሜይል ይመጣል፤ የወገኑ ነገር ያስጨነቀው ሰው ሳያመነታ ይከፍተዋል። የስለላ ሶፍትዌር የሚልኩ ሰዎች የሚያደቡት ይህን ችኮላ ጠብቀው ነው።

በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲትዝን ላብ በዲሴምበር 2017 ይፋ እንዳደረገው፣ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በሌሎች አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች ከ2016 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ኢሜይሎች ይላኩላቸው ነበር። ሊንኩ ኢስትአፍሮ የተባለውን የቪዲዮ ድረ ገጽ ወደሚመስል ሐሰተኛ ገጽ ይወስድ ነበር። ገጹም ቪዲዮውን ለማየት አዶቤ ፍላሽን ማደስ እንደሚያስፈልግ ይናገር ነበር። የሚወርደው ፋይል ግን ሳይበርቢት የተባለው የእስራኤል ኩባንያ የሠራውን የስለላ ሶፍትዌር የያዘ ነበር። ቀደም ሲል በዲሴምበር 2013 ደግሞ ለኢሳት ቴሌቪዥን ሠራተኞች በስካይፕ የተላከው «ጽሑፍ» ፒዲኤፍ መስሎ የቀረበ ፕሮግራም ሆኖ ተገኝቷል።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የፋይልን ስም ግን የሚያወጣው ላኪው ነው። ምልክቱንም የሚመርጠው እሱው ነው። ዊንዶውስ የፋይሉን ቅጥያ፣ ማለትም ከስሙ መጨረሻ ከነጥብ በኋላ የሚመጡትን ፊደላት፣ ካልታዘዘ በቀር ስለሚደብቅ «ሪፖርት» ተብሎ የፒዲኤፍ ምልክት የተለጠፈበት ፋይል መጨረሻው የፕሮግራም ቅጥያ የሆነው ኢ-ኤክስ-ኢ መሆኑ አይታይም። ስለዚህ በመጀመሪያ ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ «ቪው» ከሚለው ሜኑ ቅጥያው እንዲታይ አድርጉ።

የፋይሉ ውስጥ ግን እንደ ስሙ በቀላሉ አይዋሽም። የዊንዶውስ ፕሮግራም ሁሉ የሚጀምረው ኤም እና ዜድ በተባሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ነው፤ እነዚህም የማይክሮሶፍት መሐንዲስ የነበረው የማርክ ዝቢኮቭስኪ ስም መነሻዎች ናቸው። «ፒዲኤፍ ነኝ» የሚል ፋይል በእነዚህ ፊደላት ከጀመረ ፕሮግራም ነው።

ቀጥሎ የሚታየው አድራሻው ነው። እየሠሩ ያሉትን ፕሮግራሞች በሚያሳየው ታስክ ማናጀር ላይ የማታውቁት ስም ስታዩ በቀኝ ክሊክ የተቀመጠበትን ፎልደር ክፈቱ። ኤስ-ቪ-ሲ-ሆስት የተባለው የዊንዶውስ ፕሮግራም ትክክለኛ ቦታው ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ሲስተም 32 ነው፤ በዚያው ስም ቴምፕ ወይም ዳውንሎድስ ውስጥ ተቀምጦ የሚሠራ ካለ በጣም ያጠራጥራል። ከዚያ «ፕሮፐርቲስ» ከሚለው ውስጥ ዲጂታል ፊርማውን ተመልከቱ። የአዶቤ ነኝ የሚል ፋይል የአዶቤ ፊርማ ከሌለው አትመኑት። ፊርማ መኖሩ ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም፤ የተሰረቀ ፊርማም አለና። ቫይረስቶታል የተባለው ድረ ገጽ ደግሞ ፋይሉን በበርካታ አንቲቫይረሶች በአንድ ጊዜ ይመረምራል። እዚያ የተጫነውን ሌሎችም ሊያዩት ስለሚችሉ የግል ሰነድ አታስገቡበት።

ማስወገዱ «ዲሊት» ከመጫን ያለፈ ሥራ ነው። እየሠራ ያለን ፕሮግራም ዊንዶውስ ስለሚቆልፈው ላይጠፋ ይችላል፤ ቢጠፋም ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር እንዲያስጀምረው ትእዛዝ አስቀምጦ ከሆነ ሌላ ቅጂው ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ኢንተርኔቱን አቋርጡ፣ ከዚያም የማይክሮሶፍት ዲፌንደርን «ኦፍላይን» ምርመራ አስጀምሩ። ይህ ዊንዶውስ ሳይነሣ የሚካሄድ ስለሆነ የተደበቀው ፕሮግራም ራሱን የሚከላከልበት ዕድል ጠባብ ነው። የይለፍ ቃሎቻችሁን ከሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ቀይሩ፤ የተበከለው ላይ ሆናችሁ ብትቀይሩ አዲሱንም ሊወስዱት ይችላሉ።

ጋዜጠኛ ወይም የመብት ተሟጋች ከሆናችሁ ግን ከማጥፋታችሁ በፊት ባለሙያ አማክሩ። በሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት አሜሪካ ፍርድ ቤት ያቆመው ፊንስፓይ የተባለው የስለላ ሶፍትዌር ኮምፒውተሩ ላይ በተወው ዱካ ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2017 የውጭ መንግሥትን ያለመከሰስ መብት ጠቅሶ የክሱን ውድቅ መደረግ ቢያጸናም፣ ዱካው ባይኖር ነገሩ ጭራሽ ባልታወቀ ነበር።

እንዲህ ያለ መልእክት ለአንድ ሰው ብቻ የሚላከው አልፎ አልፎ ነው። አንዱ ወገን ከደረሰው ለሌላውም ተልኮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፋይሉን ለማንም አታስተላልፉ፤ ላከ የተባለውን ወዳጃችሁን ደውላችሁ ጠይቁ፣ ለምታውቋቸውም ንገሩ። በተለይ ልጆቻቸው ራቅ ብለው የሚኖሩ አዛውንቶች ጋ ጎራ ብላችሁ ቅጥያውን የሚያሳየውን ምርጫ አብሩላቸው።