ተጨማሪ መረጃ፦ «ሺ» ማን ናት?

በእንግሊዝኛ እንደ «ሂ» እና «ሺ» ያለ የሦስተኛ መደብ ተውላጠ ስም አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የተጠራ ስም ይፈልጋል። ያ ስም ቀዳሚ ስም ነው፤ ተውላጠ ስሙም በቁጥርና በጾታ ይከተለዋል። ችግር የሚመጣው ቀዳሚ ሊሆኑ የሚችሉ ስሞች ሁለት ሲሆኑ ነው። «አልማዝ ቶልድ ሣራ ዛት ሺ ሃድ ፓስድ» ቢባል ፈተናውን ያለፈችው ማን ናት? ሰዋስዉ ሁለቱንም ይፈቅዳል። በአማርኛ ብዙ ጊዜ እንዲህ አንቸገርም፤ «አልማዝ ሣራን ‹አልፌያለሁ› አለቻት» ወይም «‹አልፈሻል› አለቻት» ብለን የተናጋሪዋን ቃል እንዳለ ስለምናስገባ ግሡ ራሱ ባለቤቱን ይናገራል። በእንግሊዝኛ ያለው አማራጭ ስሙን መድገም ወይም ዓረፍተ ነገሩን እንደገና ማዋቀር ነው። መድገም አያሳፍርም፤ ግራ ማጋባት ይብሳል።

በጾታ በኩል ደግሞ ጠረጴዛ በአማርኛ «እሱ» ቢባልም በእንግሊዝኛ «ኢት» እንጂ «ሂ» አይሆንም።

በቁጥር በኩል «ኤቭሪዋን»ስ? ቅርጹ ነጠላ ስለሆነ የድሮ የሰዋስው መጻሕፍት «ሂዝ» እንዲከተለው ያዝዙ ነበር። ተናጋሪዎች ግን ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ዜይ»ን ለነጠላ ሰው ሲጠቀሙበት ኖረዋል፤ ጄን ኦስተንም ጽፋበታለች። የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር የአጻጻፍ መመሪያ 7ኛ እትም በ2019 እ.ኤ.አ. አጠቃቀሙን ተቀብሏል። እንዲያም ሆኖ ፈተና አራሚው የቆየውን ሕግ ሊጠብቅ ይችላል፤ ዓረፍተ ነገሩን «ኦል ስቱደንትስ» ብሎ በብዙ ቁጥር መጀመር ከክርክሩ ያወጣል።