ጠመቃው ሁለተኛ ነው፦ በብስክሌት ከተጎበኙ ሦስት ገዳማት ስለ ተቋምና ገቢ የተገኘ ትምህርት



ለዚህ ንግግር ስጋበዝ የተሰጠኝ ርእስ ስለ ተቋማትና ስለ ገቢ ነበር። እኔ ግን ከብስክሌት ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ2022 የአውሮፓውያን በጋ፣ የዶክትሬት ትምህርቴን ወደ ተከታተልሁበት ወደ ቤልጂየም ለአጭር የምርምር ቆይታ ተመልሼ ነበር። ሥራዬን ስጨርስ አምስት የዕረፍት ቀናት ስለ ተረፉኝ፣ ብስክሌት ተከራይቼ ቢራ በመጥመቅ የሚታወቁ ሦስት ገዳማትን ለማየት ተነሣሁ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በብስክሌት እጓዛለሁ ሲል ቤተሰቡ ምን እንደሚለው ለመገመት አያዳግታችሁም።

የፍላንደርስ ምድር ሜዳማ ነው፤ የሚፈትነው ዳገቱ ሳይሆን ከፊት የሚገፋው ነፋስ ነው። መንገድ መሳት ግን አስቸጋሪ ነው። የብስክሌት መንገዶች በሚገናኙበት ሥፍራ ሁሉ ቁጥር የተጻፈበት ምልክት ቆሟል፤ ተጓዡ የሚያልፍባቸውን ቁጥሮች በቅደም ተከተል ጽፎ ይዞ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1995 በቤልጂየም ሊምበርግ የተጀመረ ሲሆን፣ ሐሳቡን ያመነጩት የማዕድን መሐንዲስ የነበሩ ሰው ናቸው።

አሁን ወደ መነኮሳቱ ልግባ። ትራፒስት የሚባሉት በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጥብቁን የሲስተርሲያን ሥርዓት የሚከተሉ መነኮሳት ናቸው። መሠረታቸው በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቅዱስ ቤኔዲክት ሥርዓት ነው፤ ሥርዓቱ መነኩሴ በእጁ ሥራ እንዲኖር ያዝዛል። ይህ ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። የቤኔዲክት ሥርዓት ከግብፅ በረሃ አባቶች ብዙ ወርሷል፤ የእኛም ምንኩስና ሥሩ ከዚያው ነው። የአባ ጳኩሚስ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ404 በቅዱስ ጄሮም ወደ ላቲን ተተርጉሟል፤ በግዕዝም ይገኛል። ሰሌን እየታታ የሚጸልየው የግብፅ መነኩሴ፣ የገዳሙን እርሻ የሚያርሰው የእኛ አባት እና ብቅል የሚጠምቀው ቤልጂየማዊ በአንድ ጥያቄ ፊት ይቆማሉ፦ ሥራው ጸሎቱን ሳይውጠው በሥራ መኖር የሚቻለው እንዴት ነው?

ትራፒስቶች ለዚህ ጥያቄ በጽሑፍ የሰፈረ መልስ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 ስምንት ገዳማት ዓለም አቀፍ የትራፒስት ማኅበር መሥርተው ምርቶቻቸውን የሚለይ ባለ ስድስት ማዕዘን ምልክት አወጡ። ምልክቱን ለማግኘት ቢራው በገዳሙ ቅጥር ውስጥ ወይም በአቅራቢያው መጠመቅ አለበት፤ ሥራውን መነኮሳቱ ራሳቸው ሊሠሩት ወይም ሊቆጣጠሩት ይገባል፤ ገቢውም ለማኅበሩ ኑሮ፣ ለሕንፃዎቹ ጥገናና ለበጎ አድራጎት ይውላል። ከእነዚህ ጋር፣ ጠመቃው በገዳሙ ሕይወት ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ያለው ሥራ ሆኖ እንዲቆይ ይጠየቃል። ልብ በሉ፤ መስፈርቱ ስለ ጣዕም አይናገርም። የሚመዝነው በሥራውና በሠሪዎቹ ሕይወት መካከል ያለውን ግንኙነት ነው።

ጉዞዬን የጀመርሁት በስተ ምዕራብ ካለችው ከፖፐሪንገ ከተማ ነው። አካባቢው የሆፕ ማሳ የበዛበት ነው፤ ጌሾ ለጠላ የሚሰጠውን ምሬት ሆፕ ለቢራ ይሰጣል። በአቅራቢያው የቬስትፍሌተረን ገዳም አለ። የዚህ ገዳም መነኮሳት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ጠመቃው የምንኩስና ሕይወታቸውን እንደተሻማ ስላዩ ምርታቸውን ቀነሱ፤ በዋቱ መንደር የሚገኝ ሌላ ጠማቂም እስከ 1992 ድረስ በፈቃዳቸው እየጠመቀ ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የቢራ መመዘኛ ድረ ገጽ ከቢራዎቻቸው አንዱን በዓለም አንደኛ ባለው ጊዜ ገዢው በበራቸው ተሰለፈ፤ እነርሱ ግን ምርታቸውን አላሳደጉም። ዛሬም በዓመት የሚጠምቁት 6,000 ሄክቶ ሊትር ገደማ ነው።

ይህ ውሳኔ ዋጋ አስከፍሏል። ሌሎች ሰዎች ቢራውን ከበር ገዝተው በብዙ እጥፍ ይቸረችሩት ጀመር፤ ገዳሙ የተወውን ትርፍ ነጋዴው ወሰደው። መነኮሳቱ ይህን ለመግታት እ.ኤ.አ. በ2019 ሽያጩን በስም ምዝገባ በበይነ መረብ አደረጉት። ገደብ ማበጀት አንድ ነገር ነው፤ ገደቡን መጠበቅ ግን የዘወትር ድካም ይጠይቃል።

በአራተኛው ቀን ከአንትወርፕ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ወደሚገኘው ወደ ቬስትማለ ደረስሁ። ይህ ገዳም እ.ኤ.አ. ከ1836 ጀምሮ ይጠምቃል፤ ዛሬ ምርቱ በዓመት ከ100,000 ሄክቶ ሊትር ይበልጣል፤ የሚሠሩትም በአብዛኛው ምእመናን ሠራተኞች ናቸው። ከቬስትፍሌተረን ጋር ሲነጻጸር ግዙፍ ነው፤ ምልክቱን ግን አላጣም። ስለዚህ «ትንሽ መሆን ነው ቁም ነገሩ» ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። የሚጠየቀው የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው ማን ነው፣ ምን ለማስቀደም ብሎ ነው የሚለው ነው።

የመጨረሻው መድረሻዬ በኔዘርላንድ ወሰን ላይ ያለው አኸል ነበር። የመዳብ ጋኖቹ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጀርመኖች ተነቅለው ስለ ተወሰዱ ጠመቃው ለአሥርታት ተቋርጦ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1998 ዳግም ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2021 ግን ሌላ ነገር ሆነ፤ መነኮሳቱ አርጅተውና ቁጥራቸው መንምኖ የመጨረሻዎቹም ገዳሙን ስለ ለቀቁ ቢራው የትራፒስት ምልክቱን አጣ። ጠመቃው አልቆመም። በአጥሩ አጠገብ ያገኘኋቸውን አንድ አዛውንት ጣዕሙ ተለውጦ እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። አልተለወጠም አሉኝ፤ ጥቂት ቆይተው ግን ቀድሞ ሰዓት የሚያውቁት በገዳሙ ደወል እንደ ነበር ነገሩኝ።

ይህን ሁሉ ለምን አነሣሁት? ዩኒቨርሲቲዎቻችን ራስ ገዝ እየሆኑ የውስጥ ገቢያቸውን እንዲያሳድጉ በሚጠየቁበት ዘመን ላይ ስለ ሆንን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በእጁ ሥራ መኖር ለመነኩሴ ክብር ከሆነ ለምሁርም ነውር ሊሆን አይችልም። ነገር ግን ከራሴ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጥሩ በሚከፈልበት የማማከር ሥራ ተይዤ፣ የሁለት ተማሪዎቼን የመመረቂያ ጽሑፍ ለሦስት ወራት ሳላነብ አቆይቻለሁ። አንደኛዋ የምረቃ ጊዜዋ አለፈ። ያን ጊዜ ያስገባሁት ገንዘብ በሪፖርት ላይ እንደ ስኬት ተመዝግቧል፤ የእርሷ መዘግየት ግን በየትኛውም ሠንጠረዥ አልታየም። ሁለተኛ መሆን የነበረበት አንደኛ ሲሆን ያስጠነቀቀኝ አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

ስለዚህ የገቢ ዕቅድ ስናዘጋጅ ከትርፉ መጠን አስቀድመን አራት ነገሮችን እንጻፍ እላለሁ፦ ሥራው ከማስተማርና ከምርምር ጋር ያለውን ቅርበት፣ የሚቆጣጠረውን የትምህርት ክፍል፣ ገቢው ለማን እንደሚውል፣ እንዲሁም ሥራው ከመምህሩ ሳምንት ሊወስድ የሚፈቀድለትን የሰዓት ጣሪያ። አራተኛው ካልተጻፈ ሦስቱ አይጠብቁንም። የአኸል ቢራ ጣዕሙ ሳይለወጥ ስሙን እንዳጣ፣ ሕንፃው፣ ማኅተሙና የምረቃ ሥነ ሥርዓቱ ሳይጎድል ዩኒቨርሲቲነት ከመካከላችን ሊወጣ ይችላል።

ጥያቄዎቻችሁን፣ በተለይም የተማሪዎችን፣ ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።