አዲስ ባትሪ፣ ጠዋት ላይ ግን ባዶ
አሮጌዋ ኮሮላ ባትሪ ተቀይሮላትም ጠዋት ጠዋት «ግፉኝ» ካለች፣ ሌላ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ቆማ የምትበላውን ከረንት ለኩ።

ቁልፉን አውጡ፣ በሮቹን ዝጉ። የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ፈታችሁ፣ ቴስተሩን 10 አምፔር ላይ አድርጋችሁ በገመዱና በባትሪው መሃል አስገቡት። በዚህ ሁኔታ ሞተር ለማስነሳት እንዳትሞክሩ፤ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል።

ከ50 ሚሊአምፔር በታች ካነበበ ሰላም ነው። ግማሽ አምፔር ካሳየ ግን ሌባ አለ። 45 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በዚህ ፍጥነት 90 ሰዓት ገደማ ውስጥ ያልቃል፤ ሞተር ማስነሳት የሚያቅተው ደግሞ ከዚያ በጣም ቀድሞ ነው። ሳይጠፋ የሚያድር አንድ የ5 ዋት የዕቃ መጫኛ አምፖል ብቻውን 0.4 አምፔር ያህል ይወስዳል!

ከዚያ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀሉ። ቁጥሩ ድንገት የወረደበት ፊውዝ ጥፋቱ ያለበትን መስመር ይነግራችኋል፤ በዚያ መስመር ላይ ያሉትን ዕቃዎች በየተራ አላቁ።

ሁሉም ተነቅሎ ቁጥሩ ንቅንቅ ካላለ ወደ ዲናሞው ሂዱ። ወፍራሙ ገመዱ በትንንሾቹ ፊውዞች በኩል አያልፍም፤ ውስጡ ያለው ዳዮድ ከተበላሸ ሞተር ጠፍቶም ከረንት ወደ ኋላ ይፈሳል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው በኋላ የተገጠመውን አላርምና ቴፕ ነው። ብዙ ጊዜ ያለ ፊውዝ፣ በቀጥታ ከባትሪ ተስበው፣ በፕላስተር ተጠቅልለው አገኛቸዋለሁ።