እንዶድ፣ ቀንድ አውጣውና ዶክተር አክሊሉ ለማ

በደጋና በወይና ደጋ ላደገ ሰው እንዶድ እንግዳ ተክል አይደለም። በአጥርና በዛፍ ላይ እየተንጠላጠለ የሚያድግ ቁጥቋጦ ነው። ትንንሽ ፍሬዎቹ በዘለላ ይንዠረገጋሉ፤ በለጋነታቸው አረንጓዴ ናቸው፣ ሲበስሉ ይቀላሉ። ሳሙና በየገበያው ከመዳረሱ በፊት ነጠላና ጋቢ የሚነጣው በዚህ ፍሬ ነበር። ይለቀማል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፤ ከውሃ ጋር ሲታሽ ነጭ አረፋ ያወጣል። እናቶቻችን ለዘመናት የተጠቀሙበት ይህ አረፋ ከልብስ እጥበት ሌላ ታላቅ ሙያ እንዳለው ለዓለም ያሳዩት ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

ነገሩን ለመረዳት በመጀመሪያ ቢልሃርዚያን ማወቅ ያስፈልጋል። በሽታውን የሚያመጣው ጥገኛ ትል ሕይወቱን በሁለት ቤት ያሳልፋል፤ ከፊሉን በሰው ደም ሥር፣ ከፊሉን በቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ። የበሽተኛው ሰገራ፣ እንደ ትሉ ዓይነትም ሽንቱ፣ ውሃ ሲነካ እንቁላሎቹ ይፈለፈላሉ። ከእንቁላሉ የወጣው ዕጭ በሰዓታት ውስጥ የሚስማማውን ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ግን ገብቶ ይራባል፤ ከሳምንታት በኋላ ከአንድ ቀንድ አውጣ በሺዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ ዕጮች ይወጣሉ። እነዚህም ውሃ ሊቀዳ፣ ሊዋኝ ወይም ልብስ ሊያጥብ የገባውን ሰው ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ በስተው ይገባሉ፤ ኋላም ከደሙ ይደርሳሉ። ትሎቹ የሚጥሏቸው እንቁላሎች በጉበት ላይ ሲከማቹ ጉበትና ጣፊያ ያብጣሉ፣ ሆድ ይነፋል፣ ሕፃናት አቅም ያጣሉ። ቀንድ አውጣው ከሌለ ትሉ ከሰው ወደ ሰው የሚሸጋገርበት ድልድይ የለውም።

ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው እንደተመለሱ አድዋ ወረዱ። የሄዱት ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ለማጥናት ነበር። ወንዙን ተከትለው ሲመለከቱ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ሴቶቹ ከሚያጥቡበት በታች በርካታ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ከእጥበቱ ቦታ በላይ ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች በዕቃ ውስጥ ሰብስበው፣ ከሚያጥቡት ሴቶች አንዷን ከአረፋዋ እንድትጨምርበት ለመኗት። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። የመጀመሪያው ሙከራ የተካሄደው እንዲህ ነው፤ ቤተ ሙከራው የወንዝ ዳር፣ ረዳቷም ልብስ አጣቢ ሴት።

አዲስ አበባ ሲመለሱ ሥራውን በወጉ ያዙት። እ.ኤ.አ. በ1966 በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ፤ ዛሬ ተቋሙ በስማቸው ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም በተደረገ ጥናት ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ንጥረ ነገር ተለይቶ ለማቶክሲን ተባለ። ንጥረ ነገሩ ሳፖኒን ከሚባሉት አረፋ ሰጪ ውሁዶች ወገን ነው። ኋላ የተደረሰበት የኬሚስትሪ ግኝት ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል። ባልተነካው ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን ቀንድ አውጣ አይገድልም። ፍሬው ተደቁሶ በቀዝቃዛ ውሃ ሲዘፈዘፍ፣ እዚያው ፍሬው ውስጥ ያለ ኤንዛይም ከሳፖኒኑ ላይ አንዱን የስኳር ክፍል ይቆርጠዋል፤ ገዳዩ ዓይነት የሚፈጠረው ያን ጊዜ ነው። በሜታኖል ቢጨመቅ ግን ይህ ለውጥ ስለማይካሄድ ጭማቂው ደካማ ይሆናል። ወቅጦ በውሃ ማሸት፣ የልብስ አጣቢዎቹ የኖረ ዘዴ፣ ትክክለኛው የአሠራር ስልት ሆኖ ተገኘ።

የግኝቱ እውነተኛ ፈተና የተካሄደው ግን እዚያው አድዋ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 ድረስ ቀንድ አውጣ በሚራባባቸው ውሃዎች ላይ እንዶድ በየጊዜው ተረጨ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ዘንድ በበሽታው የተያዙት ከመቶ 50 የነበሩት ወደ 7 ወረዱ። ሕፃናቱን መመርመር ያስፈለገበት ምክንያት አለው፤ በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ ያለ ትል ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል፣ አዲስ መተላለፍ መቆም አለመቆሙ ጎልቶ የሚታየው በትንንሾቹ ላይ ነው።

ይህን የመሰለ ውጤት የያዘ ሥራ በር ሁሉ የሚከፈትለት ይመስላል። የሆነው ሌላ ነው። ዓለም አቀፍ የጤና ተቋማት ለዓመታት በጥርጣሬ አዩት፤ በሰውና በአካባቢ ላይ ጉዳት አለማድረሱ ዓለም አቀፍ ደረጃን ባሟላ ቤተ ሙከራ ካልተረጋገጠ አንቀበልም አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ምርመራው የሚጠይቀው ገንዘብና መሣሪያ በአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች እጅ አልነበረም። የካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ ተገኝቶ ምርመራው የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በዛምቢያ ሉሳካ ሳይንቲስቶች ስለ እንዶድ መከሩ፤ በስዋዚላንድ ተክሉን ያጠኑት ኬሚስት ፕሮፌሰር ሊዲያ ማኩቡም ከጉባኤው ሥራ አዘጋጆች አንዷ ነበሩ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ የዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ድካም ሊዘነጋ አይገባም። እንዶድ ሁሉ እኩል አይደለም፤ ኃይሉና ምርቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ዶክተር ለገሠ ከየአገሩ ዳርቻ ዝርያ እየሰበሰቡ፣ እያባዙ፣ እያወዳደሩ ቁጥር 44 በመባል የታወቀውን ምርጥ ዝርያ ለዩ። ገበሬ ተክሎ የሚያመርተው ነገር እንዲሆን መንገዱን የጠረጉት እሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱ ሊቃውንት አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ።

በቀጣዩ ዓመት ዶክተር አክሊሉ የክብር ዶክትሬት ሊቀበሉ ወደ አሜሪካ ኦሃዮ፣ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። በዚያ ወቅት ዜብራ መስል የተባለ ባለ ቅርፊት የውሃ እንስሳ ታላላቆቹን ሐይቆች ወርሮ የከተሞችንና የፋብሪካዎችን የውሃ ቧንቧ እየደፈነ ነበር። በእንዶድ ቢሞከር፣ እንደ ቀንድ አውጣው ሁሉ ሞተ። ዩኒቨርሲቲው ለዚህ አገልግሎት ፓተንት አወጣ። አድዋ ላይ ሁለት አሥርት ዓመታት ማረጋገጫ የተለመነለት ፍሬ፣ የባለጸጋ አገር ቧንቧ ሲዘጋ ወዲያው ዋጋ አገኘ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለእኛም ይሠራል፤ በየአጥሩ የበቀለውን ተክል በስፋት አምርተን ለመጠቀም የቻልነው ጥቂት ነውና።

እንዶድ እንከን የለሽ አይደለም። ዓሣን ይገድላል፣ ዓይን ያቃጥላል። የቀንድ አውጣ እንቁላል ስለማይገድል ደጋግሞ መርጨት ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ውሃ ውስጥ በጥቂት ቀናት ይፈርሳል፤ የውጭ ምንዛሪም አይጠይቅም። ዛሬ ቢልሃርዚያ በዋነኛነት የሚታከመው ፕራዚኳንቴል በተባለው ክኒን ነው። ክኒኑ ሰው ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል፤ የታከመው ልጅ ግን በማግስቱ ወደዚያው ወንዝ ይወርዳል፤ ቀንድ አውጣውም እዚያው ይጠብቀዋል። ስለዚህ የዶክተር አክሊሉ ጥያቄ ገና አልተዘጋም።

ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1997 አርፈዋል። የተዉልን ትምህርት ለእኔ ግልጽ ነው። ግኝቱ ራሱ የአንድ ቀን ጉዳይ ነበር፤ አስተዋይ ዓይንና ልብስ አጣቢን ዝቅ ብሎ የሚጠይቅ ትሕትና በቂ ሆነለት። ግኝቱን ማንም ሊክደው ወደማይችል ማስረጃ ለመቀየር ግን ከ20 ዓመት በላይ ፈጀ፤ ምክንያቱም ቤተ ሙከራውም ገንዘቡም የሌላ ሰው ነበር። ጥያቄ የሚያነሱ ወጣቶች አናጣም። የጎደለን፣ ያ ጥያቄ ፍሬ እስኪያፈራ ድረስ ከጎናቸው ጸንቶ የሚቆም የገዛ ራሳችን ተቋም ነው። ለእንዶድ የሚገባው መታሰቢያም እንዲህ ያለ ተቋም መገንባት ነው።