ከፋጉሎ ወደ ወተት

በአዲስ አበባና አካባቢዋ ያሉ የወተት ላሞች የጤፍ ጭድ፣ ፉርሽካ፣ አተላና ፋጉሎ ይበላሉ። ወተት የሚጨምረው በተለይ ፋጉሎው ነው፤ ኑግ ዘይቱ ተጨምቆ ሲወጣ የሚቀረው፣ በፕሮቲን የበለጸገው ጥቁር ተረፈ ምርት።

ጆንያው እርጥብ ወለል ላይ ሲከርም ግን ፋጉሎው ይሻግታል፤ አንዳንዱ ሻጋታም አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫል። ላሟ ከበላችው ጉበቷ መልኩን ይለውጠውና ቀን ሳይሞላ ወተቷ ውስጥ ይገኛል። መርዙ ለጉበት ካንሰር ስለሚያጋልጥ፣ ወተት ለሚያዘወትሩ ሕፃናት ነገሩ በእጅጉ ያሳስባል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች የአውሮፓ ኅብረት ከፈቀደው መጠን ያላለፉት 9 ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ዋናው ምንጭም ፋጉሎ ሆኖ ተገኝቷል።

ማፍላት ይህን መርዝ አያጠፋም።

ስለዚህ ሥራው ያለው መኖው ላይ ነው። ፋጉሎ ሲገዛ ሰብሮ ውስጡን ማየትና ማሽተት፣ ከወለል ከፍ ባለ ርብራብ ላይ በደረቁ ማስቀመጥ፣ የሻገተውን ደግሞ፣ ገንዘብ የወጣበት ቢሆንም፣ ለላም አለመስጠት ያስፈልጋል። መርዙ ሻጋታ በዓይን ሳይታይም ሊኖር ስለሚችል የመኖ ነጋዴዎች በላቦራቶሪ ማስመርመር ይገባቸዋል። የተበከለው መኖ ከተቋረጠ ወተቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠራል።